የስለላ ልቦለድ ምን ላንብብ ለምትሉ፦ መጨረሻውን እያወቅን እንኳን ልብ የሚሰቅሉት

"ጥሩ ትሪለር ጠቁሙኝ" ሲባል ሁሌም የሚመጣው ሊስት ያው ነው፣ መጨረሻው ላይ ትዊስት ያለው፣ "ገዳዩ እሱ ይሆናል ብለሽ አትጠረጥሪም" የሚባልለት አይነት። እኔ ደግሞ ትዊስት ብቻ ታቅፎ የሚመጣ መጽሐፍ ብዙም አይመቸኝም፣ አንዴ ካነበባችሁት አለቀ፣ ሁለተኛ አታነሱትም። ለኔ ልብ ሰቃይ መጽሐፍ ማለት ምን እንደሚሆን እያወቃችሁም ቢሆን እንዴት እንደሚሆን ለማየት እንቅልፍ የሚነሳ ነው፣ በዚህ በኩል ደግሞ የስለላ ልቦለድን የሚያክል የለም። እና እነዚህ በዚህ ወንፊት ያለፉ ናቸው፣ ስፖይለር የለውም፣ መነሻ መነሻውን ብቻ ነው የማወራው፣ አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

አንደኛ ያለ ክርክር የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ "ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል" ነው፣ 1971 የወጣ። ባጭሩ፣ የፈረንሳዩን ፕሬዝዳንት ሻርል ደ ጎልን አልጄሪያን አሳልፎ ሰጠ ብለው ያቄሙበት ኦኤኤስ የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ሊገድሉት ሞክረው ሞክረው አልሆን ሲላቸው ማንም የማያውቀው አንድ እንግሊዛዊ ነፍሰ ገዳይ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይቀጥራሉ። መጽሐፉ የሚጀምረው በእውነተኛ ታሪክ ነው፣ ኦገስት 1962 ላይ ፓሪስ ዳር ፕቲ ክላማር የሚባል ቦታ የደ ጎል መኪና በጥይት ተበሳስታ እሱ አንድም ሳይነካው ተርፏል፣ የግድያ ሙከራውን የመራው ባስቲየን ቲሪም በቀጣዩ አመት ተረሽኗል። እንግዲህ ደ ጎል በ1970 ቤቱ ቁጭ ብሎ በህመም እንደሞተ አለም ሁሉ ያውቃል። አሳታሚዎችም መጀመሪያ ላይ ድርሰቱን አንቀበልም ያሉት ለዚሁ ነው፣ ሰውዬው እንደማይገደል እየታወቀ ምኑ ነው የሚያጓጓው ብለው።

ፎርሳይዝ ግን "ይሞታል ወይ" የሚለውን ትቶ "እስከምን ድረስ ነው የሚጠጋው" የሚለው ላይ ያጣብቃችኋል። ሰውዬው ሲዘጋጅ አንድ በአንድ ታያላችሁ። የገጠር ቤተክርስቲያን መቃብር እየዞረ በህጻንነቱ የሞተ፣ ቢኖር ኖሮ አሁን የሱ እኩያ የሚሆን ልጅ ስም ይፈልጋል፣ በዛ ስም የልደት ሰርተፊኬት ያወጣል፣ በሰርተፊኬቱ ፓስፖርት ያመለክታል፣ በቃ፣ በሞተ ልጅ ስም እውነተኛ ፓስፖርት ኪሱ ገባ። (ይሄ ነገር የምር ይሰራ ነበር፣ መጽሐፉን ሚሊዮኖች ካነበቡት በኋላ እንኳን እንግሊዝ ውስጥ ቀዳዳው ሳይደፈን ብዙ አመት ቆይቷል፣ ይገርማል።) ከዛ ቤልጂየም ሄዶ ተፈታትቶ የሚደበቅ ጠመንጃ በልኩ ያሰራል፣ ጫካ ይገባል፣ ዛፍ ላይ ሜሎን ያንጠለጥልና ከሩቅ እየተኮሰ የጠመንጃውን መነጽር ያስተካክላል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ተረጋግቶ፣ ሲጨርስ ለእለቱ የተሰራችውን ልዩ ጥይት ያጎርሳል፣ ሜሎኑ ብትንትኑ ይወጣል። ደም የለም፣ የሞተ ሰው የለም፣ ፍራፍሬ ነው የተመታው፣ ግን ሰውነት ውርር ያደርጋል።

በዛኛው ወገን ደግሞ ክሎድ ለበል የሚባል ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ ቁም ስቅሉን የምታሳየው ፖሊስ አለ። ስሙን የማታውቀውን፣ መልኩን ያላየኸውን ሰው ፈልገህ አምጣ፣ ማንም እንዳይሰማ ተብሎ ይሰጠዋል። መሳሪያው ስልክ፣ መዝገብና ትዕግስት ነው፣ ሆቴል የሚያድሩ ሰዎች የሚሞሉትን ካርድ ሲያገላብጥ ሲያስገለብጥ ያድራል፣ እናንተም ካርድ መገልበጥ እንዲህ ያስጨንቃል እንዴ ትላላችሁ። ፎርሳይዝ ራሱ ፓሪስ ውስጥ የሮይተርስ ጋዜጠኛ ስለነበር የሚያወራው ሁሉ እንደ ዜና ነው የሚነበበው፣ ደረቅ ነው፣ ግን ድርቀቱ ነው እውነት እንዲመስል ያደረገው። ጉድለት አለው ወይ፣ አዎ አለው፣ ሴቶቹ ለታሪኩ ሲፈለጉ ብቻ ብቅ ብለው የሚጠፉ ናቸው፣ የሰዎቹ ውስጥም እምብዛም አይታይም። ይሄ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ቀጣዩን እዩት።

ኬን ፎሌት፣ "አይ ኦፍ ዘ ኒድል"፣ 1978። እዚህም ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ሁለተኛው የአለም ጦርነት፣ አሜሪካና እንግሊዝ ጁን 6 1944 ፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲ ላይ ወታደር ሊያራግፉ ነው፣ ሂትለርን ግን የምንመጣው በሌላኛው ጠረፍ በካሌ በኩል ነው ብለው ሊሸውዱት ይፈልጋሉ። ለዚህ ብለው በጄኔራል ፓተን የሚመራ የሌለ ጦር ፈጠሩ፣ በላስቲክ የተነፋ ታንክ፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሰራ ጀልባ፣ ይሄ ሁሉ የምር የተደረገ ነው። የፎሌት ጥያቄ ታዲያ፣ አንድ ጎበዝ የጀርመን ሰላይ ቦታው ድረስ ሄዶ ታንኩ ታንክ እንዳልሆነ ቢያይስ? ፎቶ አንስቶ ይዞ ቢሮጥስ? ሰላዩ ፌበር ይባላል፣ መግደያው ቀጭን ጩቤ ነው፣ ገና መጀመሪያው ላይ አከራዩ በማይሆን ሰአት ክፍሉ ስትገባበት የሚያደርገውን ስታዩ ምን አይነት ሰው እንደሆነ ይገባችኋል።

መጽሐፉን ከተራ ማባረር የሚለየው ግን ሉሲ ናት። ባሏ በሰርጋቸው ቀን በመኪና አደጋ ሁለት እግሩን ያጣ ፓይለት ነው፣ ተኮራርፈው አንዲት ነፋስ የሚያላጋት ደሴት ላይ ይኖራሉ፣ ከእለታት አንድ ቀን ማዕበል አንድ ወንድ በራቸው ላይ ይጥላል። ከዚህ በኋላ አላወራም። ብቻ የአለም ጦርነት የሚያክል ነገር ተጠቅልሎ መጥቶ አንድ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ እና እናንተ ለሰላዩ ማዘን ሲቃጣችሁ፣ ደራሲው የሚሰራውን ያውቃል። ስለ ሂትለርና ስለ ጀርመን ጄኔራሎች የሚያወሩት ምዕራፎች ትንሽ ይጎተታሉ፣ ፈጠን ብላችሁ እለፏቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በእውነተኛው ታሪክ ጀርመኖቹን በማሳመን ትልቁን ስራ ከሰሩት አንዱ ጋርቦ በሚል ስም የሚታወቅ ሁዋን ፑጆል የሚባል ስፔናዊ ነው። ሰውዬው ሊዝበን ቁጭ ብሎ እንግሊዝ አገር ነኝ እያለ ለጀርመኖች ከመንገደኛ መመሪያ መጽሐፍ የቀዳውን ወሬ ይልክላቸው ነበር፣ በኋላ እንግሊዞቹ ወሰዱትና የሌሉ ሰላዮች እየፈለሰፈ መረጃ ያስልክባቸው ጀመር፣ ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን ሜዳሊያ አገኘ። ይሄን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ግርሃም ግሪን የእንግሊዝ ስለላ ውስጥ ሲሰራ የፖርቹጋል ጉዳይ ላይ ስለነበር እንዲህ አይነቱን ጉድ ያውቀዋል፣ እና 1958 ላይ "አወር ማን ኢን ሃቫና"ን ጻፈ። ኩባ ውስጥ የቫኪዩም ክሊነር ሻጭ የሆነ ዎርሞልድ የሚባል ምስኪን፣ ወጪዋ ከአቅሙ በላይ የሆነ ልጅ አለችው፣ ለገንዘቡ ብሎ ሰላይ ሁን ሲሉት እሺ ይላል፣ የሚሰልለው ነገር የለውማ፣ ስለዚህ ሰላዮች ይፈለስፋል፣ የቫኪዩም ክሊነር እቃ ስሎ አስፈሪ አዲስ የጦር መሳሪያ ነው ብሎ ለንደን ይልካል። እዚህ ድረስ እየሳቃችሁ ነው። ከዛ የፈለሰፋቸው ሰዎች ላይ የምር አደጋ መድረስ ይጀምራል። ከባድ መጽሐፍ ለሰለቸው ሰው ከዚህ የተሻለ የለኝም፣ አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ሳቁ መሃል ላይ ጥርሳችሁ ሳይገጠም ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ሰውዬ እንምጣ፣ ጆን ለ ካሬ። እሱም የምር ሰላይ ነበር፣ ለሁለቱም የእንግሊዝ የስለላ መስሪያ ቤቶች፣ ለአገር ውስጡ ኤምአይ5ም ለውጪው ኤምአይ6ም ሰርቷል፣ የብዕር ስም የያዘውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው "ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ" ይጀምርና ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ይዘጋዋል፣ ከዛ ለ ካሬ አይነበብም ይላል። በእሱ አትጀምሩ ጓዶች። "ዘ ስፓይ ሁ ኬም ኢን ፍሮም ዘ ኮልድ" አለላችሁ፣ 1963፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። የበርሊን ግንብ ከቆመ ገና ሁለት አመቱ ነው፣ ሊማስ የሚባል የደከመው እንግሊዛዊ ሰላይ ኬላው ላይ ቆሞ ከምስራቅ በኩል የሚመጣ የራሱን ሰው ይጠብቃል፣ ሰውየው በብስክሌት ነው የሚመጣው፣ እና ያ መጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ለብዙ ደራሲ ትምህርት ቤት ነው። ከዛ ሊማስን ወደ ለንደን ጠርተው አንድ የመጨረሻ ስራ አለህ ይሉታል፣ ስራው መውደቅ ነው፣ ይጠጣል፣ ከስራ ይባረራል፣ ሰው ይደበድባል፣ እስር ቤት ይገባል፣ ይሄ ሁሉ ጠላት አይቶት "ይሄ ሰው ይሸጥልናል" እንዲል። የሚያስጨንቀው ነገር ማስመሰሉ የት ላይ አልቆ የምር መውደቁ የት ላይ እንደጀመረ አለመታወቁ ነው። መጨረሻው ላይ ማን ማንን እንዳታለለ ሲገባችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ገጽ ማገላበጥ ትጀምራላችሁ። ጄምስ ቦንድን እያዩ ላደጉ ሰዎች ይሄ መጽሐፍ ጥፊ ነው።

እሱን ከጨረሳችሁ በኋላ "ቲንከር ቴይለር"ን ክፈቱ፣ 1974። የእንግሊዝ ስለላ አናት ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ የሩሲያ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ከስራ የተባረረው ጆርጅ ስማይሊ በድብቅ እንዲያጣራ ይጠራል። መነሻው 1963 ላይ ሸሽቶ ሞስኮ የገባው እውነተኛው እንግሊዛዊ ሰላይ ኪም ፊልቢ ነው፣ ለአመታት የእንግሊዝን ምስጢር ለሩሲያ ሲያስተላልፍ የኖረው። መጽሐፉ ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ወፍራም ብቸኛ ልጅ ነው የሚጀምረው፣ ምን አገናኘው ትላላችሁ፣ ታገሱት። የመስሪያ ቤቱን ቋንቋም አያስረዳችሁም፣ ዝም ብሎ ያወራል፣ እናንተም ዝም ብላችሁ እለፉ፣ መቶኛው ገጽ አካባቢ በራሱ ይገባችኋል። ስለ ሰስፔንስ ትምህርት ከፈለጋችሁ ደግሞ የስማይሊ ረዳት ጊላም ከገዛ መስሪያ ቤቱ ፋይል የሚሰርቅበትን ክፍል አንብቡ። ሽጉጥ የለ፣ ሩጫ የለ። አንድ ሰው በየቀኑ የሚገባበት ህንጻ ገብቶ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ሰላም ተባብሎ፣ ወረቀት ይዞ መውጣት አለበት፣ በቃ ይሄው ነው፣ ግን ፎቅ ላይ ትፈለጋለህ ሲባል እናንተም አብራችሁ ትደርቃላችሁ።

የድሮ ነገር ሰለቸን፣ ኮሚኒስት ምናምን አይገባንም ለምትሉ፣ ሚክ ሄሮን፣ "ስሎው ሆርስስ"፣ 2010። ስራ ያበላሹ የኤምአይ5 ሰዎች፣ ዲስክ ባቡር ላይ የረሳ፣ ሱስ ያጠፋው፣ ተባርረው እንዳይከሱ ብቻ አንድ ቆሻሻ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንዲያገላብጡ ይጣላሉ፣ አለቃቸው ጃክሰን ላምብ ደግሞ የሚሸት፣ የሚሳደብ፣ ካልሲው የተቀደደ ሰው ነው፣ በዛ ላይ ከሁሉም በላይ አዋቂ። አንድ ልጅ ተጠልፎ አንገቱን ሲቆረጥ በኢንተርኔት ቀጥታ እናሳያለን ተብሎ ይዛትበታል፣ እነዚህ የተጣሉት ሰዎችም ሳይጠሩ ይገቡበታል። ቀልዱ መራር ነው፣ ፖለቲከኛም አይምርም። በዚሁ መጽሐፍ የተሰራውን የቲቪ ሲሪዝ ቀድማችሁ ያያችሁም አንብቡት፣ የላምብ ስድብ በጽሁፍ ይብሳል። (ጋሪ ኦልድማን 2011 ላይ በቲንከር ቴይለር ፊልም ስማይሊን ሆኖ ሰርቶ፣ ከ2022 ጀምሮ ላምብን መሆኑ፣ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው፣ ደስ ይላል።)

ስለሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ልበል። የሮበርት ለድለም "ዘ ቦርን አይደንቲቲ"፣ 1980፣ ማን እንደሆነ የማያስታውስ ሰው በጥይት ተመትቶ ከባህር ይወጣል፣ ሃሳቡ ምርጥ ነው፣ ግን አጻጻፉ ይጮሃል፣ ገጹም ይበዛል፣ ፊልሙን አይታችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው የሚጠብቃችሁ። የቶም ክላንሲ "ዘ ሃንት ፎር ሬድ ኦክቶበር" (1984) ሰብማሪን ለሚወድ ሰው ሰርግ ነው፣ ለማይወድ ሰው የማሽን ማንዋል። "ሬድ ስፓሮው"ን (2013) የጻፈው ጄሰን ማቲውስ ሲአይኤ ውስጥ ከ30 አመት በላይ የሰራ ሰው ነው፣ ከኋላው የሚከተለው ሰው መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ አንድ ሰላይ ሞስኮን ለሰአታት ሲዞር የሚያሳየው መክፈቻ በጣም አሪፍ ነው፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ግን የምግብ አሰራር አለ፣ አዎ የምግብ አሰራር፣ እንደ ስሜታችሁ። ስለላ ባይሆንም የፓትሪሺያ ሃይስሚዝን "ዘ ታለንትድ ሚስተር ሪፕሊ" (1955) ሳልጠራ አላልፍም፣ ወንጀለኛው እንዳይያዝ ስትጸልዩ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ስማይሊ ከያዛችሁ ደግሞ ቲንከር ቴይለርን የሚከተሉ ሁለት አሉ፣ "ዘ ኦነረብል ስኩልቦይ" (1977) እና "ስማይሊስ ፒፕል" (1979)። መሃለኛው ረጅም ነው፣ ሆንግ ኮንግና ደቡብ ምስራቅ እስያ ይዟችሁ ይዞራል፣ ስማይሊም እንደምትፈልጉት አይታይበትም፣ ካልሳባችሁ ዘላችሁት ቀጥታ ሶስተኛው ላይ ብትገቡ ብዙ ነገር አያመልጣችሁም።