ልጅ ቤት ለተቀመጠባችሁ፦ ይር አፕን ልጠቁማችሁ

በዲሲና በቨርጂኒያ ላላችሁ አበሾች፣ በተለይ ሃይስኩል ጨርሶ ሥራም ትምህርትም የሌለው ልጅ ላላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። በዚያውም ለወንድሜ ልጅ የደከሙለትን ሰዎች ላመስግን።

ልጁ ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቅ ሆኖ ነው። ዲፕሎማውን እንደምንም ያዘ። ከዚያ ትንሽ ደሊቨሪ ይሠራል፣ ይተዋል። ሌሊቱን ስልኩ ላይ ያድርና ቀን ይተኛል። ኮሌጅ ግባ ስንለው «በማን ብር?» ይለናል። እውነቱን ነው።

ይር አፕ ወጣቶችን እንደ ኮምፒውተር ያለ ሙያ አስተምሮ ለሥራ የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ 2000 ቦስተን የተጀመረ ነው፤ አሁን ይር አፕ ዩናይትድ ይባላል። የወንድሜ ልጅ ዙር የተማረው ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ) ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጋር በመተባበር ነው። ክፍያ የለም፤ እንዲያውም የኪስ ገንዘብ ይሰጣሉ። ስድስት ወር ክፍል፣ ስድስት ወር ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም መሥሪያ ቤት ገብቶ የሥራ ልምምድ። የኮሌጅ ክሬዲትም አገኘበት።

ኮምፒውተሩን የትም ይማረዋል። እኔን የገረመኝ ሥርዓቱ ነው። ሲገባ ውል ይፈርማል፣ ነጥብም ይያዝለታል። ካረፈደ ወይም የቤት ሥራ ካላስረከበ ነጥቡ ይቀነሳል፣ ገንዘቡም ይቆረጣል። ነጥቡ ካለቀ «ራስህን አባረርክ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን ገንዘቡ ጎድሎ ሲመጣ ቤቱን በጩኸት አቀለጠው። በሚቀጥለው ሰኞ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራባቱን ዩቲዩብ እያየ አስሮ ከሁላችን ቀድሞ ወጣ።

ቅጣት ብቻ ቢሆን ግን ጥሎት ይመጣ ነበር። ያቆየው አማካሪው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ክፍል ከቀረ ይደውልለታል፣ «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። መቼም የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ስለራሱ ማውራት ድፍረት ይመስለዋል። «ስለራስህ ንገረኝ» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። አማካሪው ደጋግሞ አለማመደው። እኔም ቡና ስቆላ ፊቴ ይቆምና ዓይኔን እያየ እጁን ለሰላምታ ይዘረጋልኛል፤ በሳቅ እንሞታለን።

ዛሬ ኢንተርን የነበረበት መሥሪያ ቤት ሄልፕ ዴስክ ላይ፣ ኮምፒውተር ያስቸገራቸውን ሰዎች የሚረዳበት ሥራ ላይ ተቀጥሯል። አማካሪው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን!

ልትልኩ ካሰባችሁ፦ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (ዲፕሎማውን የሚተካው የፈተና ወረቀት)፣ የሥራ ፈቃድም ያስፈልገዋል። የኪስ ገንዘቡ የዚህን አገር ኪራይ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያስጠጋው ዘመድ ይኑረው። ማመልከቻውን ደግሞ እናንተ አትሙሉለት፤ ኢንተርቪው የሚቀርበው እሱ ነው።