ጨረር ለጀመራችሁ እህቶቼ፣ ሲስተርን ላስተዋውቃችሁ

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ሲስተር ብቻ ልበላት። እዚሁ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናት።

ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒቱ) በኋላ የጨረር ሕክምና ስጀምር ከባዱ አለፈ ብዬ ነበር። ጨረሩ አያምም፤ ማሽኑ ሥር የምተኛውም ለደቂቃዎች ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት፣ 25 ጊዜ። በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ለገሃር በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ መልስ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዛልኩ። ሥራ የዋለ ሰው ድካም እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። ይሄኛው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳም እዚያው ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት ልልጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ ቢላዋው ከበደኝ። ግማሹን ልጬ አለቀስኩ።

ሰው ሁሉ «አርፈሽ ተኚ» ይለኛል። ከፍቅር ነው። ተኛሁ፤ በተኛሁ ቁጥር ባሰብኝ። ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃትም ነበረኝ። በሽታው ተመልሶ ቢሆንስ?

ሲስተር ያገኘችኝ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሁለተኛው ላይ አቅቶኝ ነበር። «እትዬ፣ መጀመሪያ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ደም ማነስ እንዳለ ይታይ» አለችኝ። ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ በየቅዳሜው ቤት እየመጣች ታስተምረኝ ጀመር።

ደብተር አስያዘችኝ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለድካሜ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እሰጣለሁ፣ ከጎኑ ምን ስሠራ እንደነበር እጽፋለሁ። በሳምንቱ አብረን ስናየው ጠዋት 3፣ ከሰዓት 8 ነው። ያችን የጠዋት ጉልበቴን ወለል በመወልወል ስጨርሳት ነበር! ወለሉን ለወንድ ልጄ ሰጠሁ። ጠዋት ተቀምጬ የትንሿን ልጄን ፀጉር መሥራት ጀመርኩ። ኬሞ ከጀመርኩ ወዲህ እጄ ፀጉሯን ነክቶ አያውቅም።

ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳልተኛ፣ በየቀኑም እንድራመድ ነገረችኝ። በዚህ ድካም ላይ? አልኳት። በኮብልስቶኑ አሥር ደቂቃ ብቻ አለች፣ እሷም አብራኝ ሄደች። ዝም ብሎ መተኛት ጡንቻን ያሰንፋል፣ የሌሊት እንቅልፍም ይሰርቃል ብላ አስረዳችኝ። በአምስተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ደረስኩ።

ደብተሩ ላይ «ሰነፍኩ» ብዬ ጽፌ አየች። «ጎረቤትዎ ጨረር ላይ ሆና ብትደክም ሰነፍ ይሏታል?» አለችኝ። ምን ልመልስ? የጨረር ድካም ቀኑ በገፋ ቁጥር እንደሚጠራቀም፣ መጨረሻው አካባቢ እንደሚብስ፣ ካለቀም በኋላ ለሳምንታት እንደሚቆይ ያን ቀን ነገረችኝ። በሽታው ተመለሰ ማለት እንዳልሆነም። ያን ሌሊት ሳልባንን አደርኩ።

ድካሙ ጠፋ አልላችሁም። የመጨረሻው ሳምንት ከሰዓት በኋላ 6 እጽፍ ነበር። ግን አልፈራሁትም፣ ቀኔንም አልወሰደብኝም።

ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የካ አባዶና አያት አካባቢ ሆናችሁ ጨረር ላይ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይመቻታል። ደብተርና የደም ምርመራ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ጠብቋት።