በሰዓት 16 ዶላር የሚከራይ ወንበር

ዛሬ የምገመግመው ሬስቶራንት አይደለም። የፖከር ክፍል ነው። ሜሪላንድ ካሉት ካሲኖዎች በአንዱ ውስጥ ነው ያለው። ስሙን አልጠራም፤ የፊታችን ማክሰኞ እዚያው መቀመጥ እፈልጋለሁ። እናቴ ብትሰማ «ቁማር ቤት» ነው የምትለው። ተሳስተሻል ልላት አልችልም።

ሰባት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሥራዬ ሾፌርነት ነው፤ በስልክ እየተጠራሁ ሰው አመላልሳለሁ። የምጫወተው ትንሹን ጨዋታ ነው፣ «አንድ ሦስት» የሚሉትን። ካርታ ከመታደሉ በፊት አንዱ 1 ዶላር፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ 3 ዶላር የግድ ያስቀምጣል። 300 ዶላር ይዤ እገባለሁ። ካለቀ ወደ ቤት። የባንክ ካርዴ ቤት ነው የሚውለው። ይህን ሕግ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እስካሁን አልተሻረም።

ክፍሉ ንጹህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ካሲኖ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ ልብስህ ጭስ ጭስ ሳይል ትወጣለህ። ላስ ቬጋስ የሄደ ሰው ይህን ውለታ ያውቀዋል። ወንበሩ ለጀርባ ይመቻል፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቡናው በነፃ ነው። ጣዕሙም እንደ ዋጋው ነው። ምግቡን እለፉት። በሁዳዴማ ከድንች ጥብስ ሌላ አፍ የሚያስገቡት ነገር የለም፤ እኔ ዳቦ መኪና ውስጥ አስቀምጬ በየመሀሉ ወጣ እላለሁ።

ካርታ አዳዮቹ ጎበዞች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ ካርታ ከታደለ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም። አንዴ ብዙ ገንዘብ መሀል ተከምሮ ግራ ሲገባኝ «ኧረ ምን ይሻላል» ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ። አዳይዋ ቀና እንኳን ሳትል «እንግሊሽ ኦንሊ፣ ፕሊስ» አለችኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ደጅ ላይ «ጋሼ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?» ያለችኝ ልጅ ናት! ግን ልክ ናት። ሁለት ሐበሻ በአማርኛ ካወራ ሌላው ሰው ካርታ የተነጋገርን ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቤቱ መሀል ከተሰበሰበው ገንዘብ 10 በመቶ ይቆርጣል፤ እስከ 5 ዶላር ድረስ። ከዚያ ላይ 2 ዶላር ለጃክፖት ይወስዳል። ያሸነፈው ደግሞ ለአዳዩ 1 ዶላር ጉርሻ ይሰጣል። ሲሰሙት ሳንቲም ነው። አንድ ማታ ካርታዬ አልሆን ሲለኝ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ 31 ጊዜ ታደለ። ቤቱ የቆረጠው በሚገባበት የጠረጴዛው ቀዳዳ 118 ዶላር ገባ፤ ጉርሻው 26 ዶላር ሆነ። ድምሩ 144። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ለነፍስ ወከፍ 16 ዶላር ደረሰን። እርስ በርስ ከመበላላታችን በፊት ቤቱ ሁላችንንም በልቶናል። የእቁብ ሰብሳቢ እንዲህ ቢቆርጥ ሁለተኛ ዕጣ ሳይወጣ በተባረረ።

ጉርሻው አይቆጨኝም፤ ልጆቹ የሚኖሩበት ነው። ጃክፖቱ ግን ያናድደኛል። አራት አንድ ዓይነት ካርታ ይዞ፣ እሱንም በሚበልጥ ካርታ የተበላ ሰው ሲገኝ ነው የሚከፈለው። በሰባት ዓመት አንዴ ደርሶ አይቻለሁ፤ ያውም ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ። ስልኩ ላይ የሚያዘውም ተራ አይታመንም። አንድ ቅዳሜ ከቤት ሆኜ ተመዝግቤ ስደርስ ስሜ የለም። አለቃውን ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀልኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከአምስት ሦስት ኮከብ የሰጠሁት በእነዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ታተርፋለህ ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ደብተር አለኝ። ባለፈው ዓመት 386 ሰዓት ተጫውቼ 1,544 ዶላር አተረፍኩ። በሰዓት 4 ዶላር። ቤንዚን አልተቀነሰለትም፤ ግብርም አለበት። ብዙው ተጫዋች ደብተር የለውም። ስትጠይቀው «እኩል ለእኩል ነኝ» ይላል። እኩል ነኝ ያለህ ሰው ተበልቷል።

ትርፌ ያነሰው ቀኔ ማክሰኞ ስለሆነ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጡት ጡረተኞች ናቸው። አይሰክሩም፣ አይቸኩሉም፣ ያለ ካርታ አይነኩም። አንዱ ሽማግሌ መስቀለኛ ቃላት እየሞላ ነው የሚጫወተው። በቅርቡ ሁለት ኪንግ ደረሰኝና 15 ዶላር አልኩ። እሱ ብቻ ተከተለኝ። የሁላችንም የሆኑት ካርታዎች መሀል ላይ ተገለጡ፤ 9፣ 9፣ 4። 20 ጣልኩ፤ ተከተለ። ጃክ መጣ። 45 ጣልኩ፤ ተከተለ። መጨረሻ ላይ 2 መጣ። 60 ስገፋ ሽማግሌው እስክሪብቶውን አስቀመጠና 160 አደረገው።

ይህ ሰው በመጨረሻው ካርታ ላይ በባዶ እጁ ሲጨምር አይቼ አላውቅም። 9 እንዳለው፣ ከመሀሉ ጋር ሦስት 9 ሆኖለት እንደሚበልጠኝ እንደ ስሜ አውቃለሁ። እያወቅኩ የቀረውን 100 ዶላር ከፍዬ ተከተልኩ። ሁለት ኪንግ ጥሎ ከጨዋታው መውጣት ሞት ነው የሚመስለው። 9 እና ኤስ ዘረጋልኝና «ይቅርታ» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከእንቅልፏ ሳትነቃ «ስንት?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት።

ገንዘቡ ያለው ዓርብ ማታ ነው። ደመወዝ የወጣለት፣ ከእራት የመጣ፣ ሁለት ሦስት የቀመሰ ሰው ጠረጴዛውን ይሞላዋል። የሚያሳዝነው ግን የሾፌር ገበያም የሚደምቀው ያን ማታ ነው፤ በሰዓት 4 ዶላር ብዬ ከመኪናዬ አልወርድም። ስለዚህ ዓርብ ማታ እኔ ደጁ ላይ ነኝ፤ የተበሉትን ወደየቤታቸው አደርሳለሁ። ባለፈው አንዱ ወጣት ሁለት ኪንግ ይዞ እንዴት እንደተበላ ከካሲኖው በር እስከ አርሊንግተን ድረስ ነገረኝ። እኔም «አይዞህ» እያልኩ ነዳሁ። አምስት ኮከብ ሰጠኝ። ጉርሻ ግን የለም።