ኦዳሲቲ ለፖድካስት፦ መቁረጡን ይችልበታል

ነጻ የሆነ ሶፍትዌር ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ጎድሎት ነው?" ብሎ ነው። የድምፅ መቅጃና ማረሚያ የሆነው ኦዳሲቲም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። እኔ ሁለት ሰዎች የሚያወሩበትን ፖድካስት ከጥሬ ቅጂው አንስቼ እስኪለቀቅ ድረስ የማሰናዳው በእሱ ነው። የምፈርደውም በዚሁ ሥራ ብቻ ነው።

ዕድሜው ትንሽ አይደለም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1999 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው። ኮዱ ክፍት ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። መልኩ? ቆንጆ ነው ብዬ አልዋሽም።

ጉልበቱ መቁረጡ ላይ ነው። ድምፁ ተዘርግቶ ስለሚታይ፣ ትንሽ ከለመዱት "እእእ" የምትለዋን ገና ሳይሰሙ በዓይን ይለይዋታል። ከፍ ዝቅ የማትል ወጥ ነገር ናት። ትንፋሽ ደግሞ ከቃሉ ፊት ለፊት ስስ ሆኖ ይታያል። መርጦ ማጥፋት ነው፣ በቃ። ችግሩ እጅ ይለምዳል። ትንፋሹን በሙሉ ካጠፉት ሰውየው ሳይተነፍስ የሚያወራ ይመስላል፤ ሰሚውም ምክንያቱን ሳያውቅ ይጨንቀዋል። ስለዚህ እኔ ትንፋሽ አልቆርጥም፤ ጎልቶ የሚረብሸውን ብቻ በ8 ወይም በ10 ዲሲቤል ዝቅ አደርገዋለሁ። በየዓረፍተ ነገሩ "ማለት ነው" የሚል እንግዳም ሲያጋጥም ሁሉንም አላወጣበትም። አንዳንዷ የራሱ የአነጋገር ለዛ ናት፣ ትቆይለት።

ሁለት ማይክ በሁለት ትራክ፣ ማለትም በተለያየ የድምፅ መስመር፣ ለቀዱ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአንዱ ትራክ ላይ ቆርጣችሁ ስታወጡ የዚያ ትራክ ቀሪ ወደፊት ይሳባል፣ ሌላኛው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በኋላ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይመጣል። ትራኮቹ አብረው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገውን ሲንክ ሎክ የሚባለውን ማብራት ወይም ሁለቱንም ትራክ አንድ ላይ መርጦ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስታውስ ምልክት ፊት ለፊት ቢያስቀምጡልን ምን ነበረበት!

የጀርባ ጩኸት መቀነሻው፣ ኖይዝ ሪዳክሽኑ፣ ስሙ ከሥራው ይበልጣል ባይባልም በልክ የሚወሰድ ነገር ነው። ማንም ያልተናገረበትን ቦታ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ የሚሰማበትን፣ መርጠው "ጩኸቱ ይሄ ነው" ብለው ያሳዩታል፤ ከዚያ ከሙሉ ትራኩ ላይ ይቀንሰዋል።  እኔ 6 ዲሲቤል ላይ አደርገዋለሁ። አብዝተው ከጫኑት ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፣ በተለይ "ሰ" እና "ሸ" ላይ። ትንሽ የጀርባ ጩኸት የቀረበት ጥርት ያለ ንግግር ከዚያ በብዙ ይሻላል። ደግሞ ለአንድ ዓይነት ወጥ ጩኸት እንጂ ለሚያስተጋባ ክፍል መድኃኒት አይደለም። ለማሚቶው ወፍራም መጋረጃና ወደ አፍ የቀረበ ማይክ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 3.2 እትም ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙ ኢፌክቶችን፣ ማለትም ድምፁ ላይ የሚጫኑ ማስተካከያዎችን፣ ድምፁ እየሄደ እያዳመጡ ማስተካከል፣ ካልጣመ መንቀል ይቻላል። ኖይዝ ሪዳክሽን ግን እዚህ ውስጥ የለበትም፤ አንዴ ከተሠራ ቅጂው ላይ ይታተማል። ፕሮጀክቱን ከዘጉት ደግሞ የ"መልስልኝ" ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ጥሬውን ትራክ አባዝቶ ድምፁን ዘግቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ላውድነስ፣ ማለትም የዝግጅቱ አጠቃላይ የድምፅ ጉልህነት፣ ነው። አፕል ፖድካስትስ -16 ላፍስ (የጉልህነት መለኪያ ነው) አካባቢ ይሁን ይላል፣ ጫፉም ከ-1 ዲሲቤል እንዳያልፍ። ኦዳሲቲ ላይ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚባለው ሲከፈት -23 ላይ ነው የሚገኘው። ቁጥሩን ሳይነኩ ካለፉት ዝግጅቱ ከሌሎቹ አንሶ ይሰማል፣ አድማጭም እጁን ወደ ድምፅ መጨመሪያው ይሰዳል።

ንግግር ሲመጣ ሙዚቃውን ራሱ ዝቅ የሚያደርገው ኦቶ ዳክ አልተመቸኝም። መጀመሪያ ሙዚቃውን ከንግግሩ ትራክ በላይ አስቀምጥ ይላል፤ ከዚያም የሚያወርድበት ሰዓት ሁልጊዜ ከጆሮዬ ጋር አይስማማም። ድምፁን በየቦታው ከፍ ዝቅ በሚያደርገው የኤንቨሎፕ መሣሪያ በእጄ ነጥብ በነጥብ ብሠራው ይቀለኛል። አምስት ስድስት ማይክ ይዞ ትራኮቹን በቡድን እያሰረ ሚክስ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ግን ሪፐር የሚባለውን ሌላ የድምፅ ማቀናበሪያ ይሞክር እላለሁ። እዚያ ትራኮችን በፎልደር ሰብስቦ ከፍ ዝቅ የሚለውን ድምፅ የሚያቀራርብ አንድ ኮምፕሬሰር ለሁሉም ማድረግ ይቻላል።