ጠገራ፣ የወርቅ ሳንቲም ወይስ በግራም የሚሸጥ ወርቅ? ለእናት ለአባቶቻችን የቱ ይሻላል

"እናቴ ዕቁብ ወጥቶላታል። የወርቅ ሳንቲም ግዢበት እያሏት ነው፤ ምን ትላለህ?"

ይህን ጥያቄ ከድሬም ከሐረርም ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። አጎቴ አንጥረኛ ነበር፤ እኔም ያደግኩት ሱቁ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው ወደኔ የሚመጡት። ጠያቂዎቹ ልጆች ናቸው። ገንዘባቸውን የሚያወጡት ግን እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። የወርቅ ሳንቲም አትግዙላቸው። ወርቅ መያዝ ከፈለጉ ድንጋይ የሌለው ቀላል ጌጥ፣ በግራም ተመዝኖ፣ ቋሚ ሱቅ ካለው ወርቅ ቤት፣ በደረሰኝ ይገዛላቸው። ጠገራ፣ ማለትም የድሮው የማርያ ትሬዛ የብር ሳንቲም፣ የሚገዛው በክብደቱ ልክ ሲሸጥ ብቻ ነው። ወርቅ የተለበጠ "የመታሰቢያ ሳንቲም" ደግሞ ለስጦታ ካልሆነ ገንዘብ አይወጣበትም።

ወርቅ መፈለጋቸው ስህተት አይደለም። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው፤ ኑሮው ከዚያ ይፈጥናል። በእኛ ከተማ ደግሞ ብዙ ሰው ወለድ አይበላም። ገንዘቡን ከወለድ ነፃ ሒሳብ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ የሚገዛው ነገር ያንሳል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመስከረም 2018 ደግሞ የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ በአውንስ ከ4,000 ዶላር አለፈ። አውንስ 31.1 ግራም ነው። ይህን ሁሉ እናቶቻችን በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ሻጮቹም ማወቃቸውን ያውቃሉ፤ የሚገቡትም በዚያ በር ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንሂድ። ለስሌት እንዲቀለን የንጹህ ወርቅ ግራም 20,000 ብር፣ የንጹህ ብር ማዕድን ግራም 200 ብር ነው እንበል። እናንተ የዕለቱን ዋጋ ጠይቃችሁ ቁጥሩን ቀይሩት።

21 ካራት ማለት ከ1,000 እጅ 875ቱ ወርቅ ነው። ስለዚህ ግራሙ ውስጥ የ17,500 ብር ወርቅ አለ። 18 ካራት 750 ነው፤ 15,000 ብር ይሆናል። ጌጡ ላይ ትንሽ ሆኖ የተመታው 875 ወይም 750 የሚል ቁጥር ይህ ነው። 10 ግራም 21 ካራት አምባር ስትገዙ 175,000 ብሩ የወርቁ ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው የእጅ ዋጋና የሱቁ ትርፍ ነው። ክርክራችሁ እዚያች ጭማሪ ላይ ብቻ ይሁን።

ጠገራው ላይ እንምጣ። ማርያ ትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ የብር ማዕድን ነው፤ ንጹህ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። በ200 ብር ስናባዛው 4,680 ብር ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት አራት ጠገራ እያንዳንዱን በ15,000 ብር ገዝተዋል። 60,000 ብር ማለት ነው! ሻጩ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ቡናቸውን ጠጥቶ፣ "እናቴ፣ ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው" ብሎ ሸጠላቸው። አጎቴ ከተወልን ሚዛን ላይ ስናወጣቸው ሁለቱ 28 ግራም መጡ። ሌሎቹ ሁለቱ 23 ግራም እንኳ አልሞሉም፤ ቅጂ ናቸው። እውነተኞቹ ሁለቱ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ዋጋው ሲደመር 9,360 ብር ነው። የቀረው ገንዘብ ለወሬ የተከፈለ ነው።

የ240 ዓመቱን ነገር ሁሉም ሻጭ ይለዋል። ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል አለ፤ ምስሏ ያለበት ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችበት የአውሮፓውያን ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ጣሊያን ሮም ላይ፣ እንግሊዝም ለንደን ላይ መትተውታል፤ ቪየና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መትታለች። እጃችሁ ላይ ያለው የአያታችሁ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ የትናንትም ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ለዕድሜ ብላችሁ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ።

ቅጂውን ለመለየት መጀመሪያ ጠርዙን ተመልከቱ። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ። ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ፊደሉ ይይዛችኋል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ቅጂ ግን ጠርዙ ወይ ልሙጥ ነው፣ ወይ የሞረድ ጭረት አለበት። ፊቱም በውሃ የታሸ ሳሙና ይመስላል፤ የጸጉሩ መስመርና የዘውዱ ዕንቁዎች ተደፍነዋል። ድሮ ነጋዴ ዕንቁዎቹን እየቆጠረ የሚቀበለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማግኔት ይዘው የሚመጡ ሻጮችም አሉ፤ "አየሽ፣ አይስበውም!" ይላሉ። ማግኔት ነሐስንም ኒኬል ያለበትን መዳብም አይስብም። ብረት አለመሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

የምተማመንበት የውሃው ፈተና ነው። እስከ 0.1 ግራም የምትለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ፈልጉ። መጀመሪያ ሳንቲሙን ብቻውን መዝኑ፤ 28 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ከዚያ ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። እውነተኛ ጠገራ ከሆነ ሚዛኑ ከ2.7 እስከ 2.8 ያሳያል። 28 ግራም የሚመዝን ነሐስ ግን ወደ 3.3 ይሄዳል፤ መዳብና ኒኬል ከ3.1 በላይ ነው። የጎረቤቴን አራቱንም እንዲህ ነው የለየናቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ። እኔ ከምነግራቸው ሚዛኑ ሲነግራቸው ይሻላል።

የወርቅ ሳንቲም ከዚህ ይከፋል፤ ገንዘቡ ትልቅ ስለሆነ። የታወቀው የእንግሊዝ የወርቅ ፓውንድ 7.99 ግራም ነው፤ 22 ካራት፣ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር። ንጹህ ወርቁ 7.32 ግራም ነው። በያዝነው ስሌት 146,400 ብር ይሆናል። በዚያው መጠን ከነሐስ ቢሠራ 4 ግራም አይሞላም፤ ስለዚህ የወርቅ ቤት ሚዛን ቶሎ ያጋልጠዋል። የጃንሆይ የወርቅ ሳንቲሞችም አሉ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1966 የወጡት ከ1,000 እጅ 900 ወርቅ ናቸው። ትንሹ ባለ 10ሩ 4 ግራም፣ ትልቁ ባለ 200ው 80 ግራም ይመዝናል። ነገር ግን እውነተኛ እንኳ ቢሆን እናንተ ስትሸጡት ወርቅ ቤቱ የሚያየው ግራሙን ነው። ለታሪኩ የከፈላችሁትን ጭማሪ የሚመልስላችሁ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ነው፤ እናቴ ደግሞ ሰብሳቢ ከየት ታመጣለች? ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሄዳ እኩለ ቀን ቤቷ የምትመለስ ሴት ናት።

"24 ካራት ወርቅ የተለበጠ" የሚለውን በደንብ አንብቡ። አባባሉ ውሸት አይደለም። ላዩ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ወርቅ ናት፤ ውስጡ ነሐስ ወይም መዳብ ነው። ቬልቬት ሳጥኑና ማኅተም ያለበት ወረቀት ዋጋ አይሆኑም። ልጆች ከውጭ እየገዙ ለእናታቸው የሚልኩትም አለ፤ በቅንነት ነው። በዚያ ገንዘብ አንዲት 2 ግራም ቀለበት ብትገዙላት ይሻላታል።

ከሁሉ የከፋው ግን "ቤት ስንሠራ ከመሬት አገኘነው" የሚለው ነው። አንዱ የገጠር ሰው መስሎ ይመጣል። ሌላው በአጋጣሚ የሚያልፍ መስሎ "ግማሹን እኔ ልግዛው" ይላል። አንዷን ፍሬ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስፈትኑ ይሏችኋል፤ ያቺ እውነተኛ ወርቅ ናት። ገንዘብ ሲከፈል የሚሰጧችሁ ሌላው ነው። "ለሰው አትናገሩ፣ መንግሥት ይወስደዋል" የሚሉት ልጆች እንዳይሰሙ ነው። ለሽማግሌዎቻችን ይህችን ብቻ አስጠኗቸው፦ ለልጅ አትናገሩ የተባለ ግዢ ሁሉ ይቅር። ቀሪው ዝርዝር ቢረሳም ግድ የለም።

ጌጥም እንከን አለበት፤ አልደብቅም። የእጅ ዋጋው ስትሸጡ አይመለስም። ድንጋይ ያለበትን ስትገዙ ድንጋዩ ከወርቁ ጋር ተመዝኖ ይከፈልበታል፤ ስትመልሱት ግን ተቀንሶ ነው የሚመዘነው። ብየዳ የበዛበት ሰንሰለት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የጆሮ ጌጥ፣ ቀለም የተቀባ ሁሉ ለቁጠባ አይሆንም። እኔ የምመርጠው ድፍን ቀለበት ወይም ቀላል አምባር ነው። በአንድ ትልቅ ፈንታ ሁለት ሦስት ትንንሽ ይሁን። እናት ለሕክምና ብር ሲያስፈልጋት አንዷን ቀለበት ትሸጣለች፤ ትልቁን አምባር አትቆርጥም። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለያይተው ይጻፉ። "ወርቅ ጌጥ 1" ብሎ ጠቅላላ ዋጋ ብቻ የሚጽፍ ሱቅ ካለ እዚያው ትታችሁ ውጡ።

የትኛውም ሱቅ ወይም ሻጭ ጋር ስትቆሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ዛሬ ገዝቼህ ነገ ጠዋት ብመልሰው በስንት ትወስደዋለህ?" ወርቅ ቤቱ ቁጥር ይነግራችኋል። ልዩነቱን አይታችሁ ትወስናላችሁ። የጠገራ ሻጩ "እኔ አልገዛም፣ ግን ዋጋው ይጨምራል" ይላችኋል። የለበጣው ሻጭ ስልኩን ይዘጋል። ለኔ ንጽጽሩ እዚህ ጋ አልቋል።

አቦ፣ እናትና አባትን ግን ማስፈራራት አያስፈልግም። "ተታለልሽ" ከማለት ሚዛኑን ይዞ መሄድ ይሻላል። ገንዘቡ የሳቸው ነው፤ ምርጫውም የሳቸው ነው። "ከመክፈልሽ በፊት አንድ ሌሊት እንተኛበት፣ ጠዋት አብረን ወርቅ ቤት እንሂድ" በሏቸው። እውነተኛ ሻጭ እስከ ጠዋት ይጠብቃል። ብሩ ተከፍሎ ካለቀና እቃው ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ የሻጩን ስልክ፣ ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ሒሳብና ሳንቲሞቹን ይዛችሁ በዚያው ቀን ፖሊስ ጋ ሂዱ። በባንክ ወይም በስልክ የተላለፈ ገንዘብ ፈለግ አለው። እጅ በእጅ የተሰጠ ግን የለውም፤ ስለዚህ ትልቅ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይሁን።

ሳጥን ውስጥ ድሮ የተቀመጠ ጠገራ ያላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ደጅ ለሚያንኳኳ ገዢ አትስጡ፤ ጀጎል ውስጥ ለቱሪስት የሚሸጡትም ከናንተ ሲገዙ በርካሽ ነው የሚወስዱት። መዝኑት፣ በ23.4 ግራም ንጹህ ብር አስሉት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ዋጋው እንደሚቀንስ ጠብቁ። ውጭ ላለ ልጅ ልላከው ካላችሁም ቅርስ ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዋጅ 209/1992 ነው።

የአጼ ምኒልክ ምስል ያለበትን ግን ከጠገራው ለዩት። የመጀመሪያዎቹ ፓሪስ ተመትተው ላያቸው ላይ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት አለባቸው፤ ክብደታቸው ከጠገራ ጋር እኩል ነው። ደህና የተያዘ ከሆነ ሰብሳቢ ከክብደቱ በላይ ሊከፍልበት ይችላል። ስለዚህ በግራም አትሽጡት፤ በሎሚና በአመድም አትፈትጉት። ከተፈተገ ሰብሳቢው ዋጋውን ይጥለዋል። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ክብደቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እንደ ጠቆረ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።