በገጠር ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ወጣቶች፦ ስለ ቡታሮው ዩኒቨርሲቲ ምስጋናና ጥቆማ

በሰሜን ሩዋንዳ ቡታሮ በተባለው ኮረብታማ ስፍራ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ግሎባል ኸልዝ ኢኩዊቲ በዓለም አቀፍ ጤና የማስተርስ ትምህርቴን እንድከታተል ስለተቀበለኝ፣ በተለይም ማመልከቻዬን ለተከታተሉልኝ የቅበላ ክፍል ሠራተኛ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ እወዳለሁ።

ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ሳገለግል በዚህ ዘርፍ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን አዘውትሬ እመለከት ነበር። አብዛኞቹ በዓለም አቀፍ ድርጅት የሠራ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያ ልምድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲገኝ የኖረው ጄኔቫን በመሰሉ ውድ ከተሞች በራስ ወጪ እየኖሩ፣ ያለ ክፍያ ኢንተርንሺፕ በመሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለተለማማጆቹ የኑሮ ድጎማ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የገጠር ልጅ በቤተሰቡ አቅም ማነስ ከዘርፉ ሲቀር፣ ዘርፉም በሽታውን ከቅርብ የሚያውቀውን ሰው ያጣል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የማመልከቻ ደብዳቤዬ ስለ ዩኒቨርሲቲው ዝና የሚያወሳ ነበር። የቅበላ ሠራተኛዋ ካነበቡት በኋላ፣ በጤና ጣቢያዬ ያየሁትን አንድ ችግር እንድጽፍላቸው በትሕትና ጠየቁኝ። እኔም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ስንዞር ስላገኘናትና የልጇን ክትባት ስላቋረጠች እናት ጻፍኩላቸው። ቸልተኛ ሆና ሳይሆን፣ የክትባቱ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ስለገጠመባት ነበር፤ ቀኑ ሲቀየር እርሷም ጎረቤቶቿም መጡ። የቃለ መጠይቁ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። በየቀበሌው ስንሠራው የኖርነውን ሥራ እንደ እውቀት ቆጥሮ የጠየቀኝ ተቋም ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ፓርትነርስ ኢን ኸልዝ በተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፖል ፋርመር በፌብሩዋሪ 2022 ያረፉትም እዚያው ቡታሮ ነው። ትምህርቱ ከዋና ከተማ ርቆ በገጠር ሆስፒታል አጠገብ መሰጠቱ የታሰበበት ነገር ነው፤ ተማሪው ስለ ገጠር ሕሙማን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ እየወረደ ይማራል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ሲጀምር ከተቀበላቸው 30 ተማሪዎች 20ዎቹ ሴቶች መሆናቸውን ለእህቶቼ ሁሉ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ማመልከት ለምታስቡ፦ የማስተርሱ ትምህርት የአንድ ዓመት ሲሆን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የመግቢያና የገንዘብ ድጋፍ መስፈርቱን በየዓመቱ ከሚወጣው ማስታወቂያ ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ክፍያውን ብቻ አይታችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ አቅም ለሌለው አመልካች ድጋፍ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቁት ትልቅ ስም ያለውን ሰው ሳይሆን ሥራችሁን በዓይኑ ያየውን ኃላፊ ይሁን፤ እርሱም በጥቅሉ ከሚያሞግሳችሁ ይልቅ የሠራችሁትን አንድ ሥራ ቢዘረዝርላችሁ ይሻላል። በጤና ጣቢያ፣ በጤና ኬላ ወይም በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ፣ ደብዳቤያችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው ካጣችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በደስታ አነብላችኋለሁ።