ዜይን ወይስ ጄላቲን? ኤክስትራክታችሁ የሚታሸግበትን ፕሮቲን ከመግዛታችሁ በፊት

ይህ ምክር የዕፅዋት ኤክስትራክት በኤሌክትሮስፒኒንግ ለምታሽጉ ነው፤ ማለትም ኤክስትራክት ያለበትን የፕሮቲን ብጥብጥ ከሲሪንጅ መርፌ ጫፍ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ቀጭን ክር ስባችሁ ስስ ጨርቅ ለምትሠሩ። መጀመሪያ ይቺን ሞክሩ። ከኤክስትራክታችሁ ቁንጥር ያህል ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ፣ ሌላ ቁንጥር ደግሞ በ80 በመቶ ኢታኖል (አልኮል)። አተላ ሳይተው የሟሟው የቱ ጋ ነው? ግማሹ ምርጫ እዚህ አለቀ።

እንደ እርዱ ኩርኩሚን ውሃ የሚጠላ ከሆነ ሳላመነታ ዜይን እላለሁ። ዜይን የበቆሎ ፕሮቲን ነው፤ ውሃ አያሟሟውም፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ ኢታኖል ግን ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ፕሮቲኑም ኩርኩሚኑም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይገናኛሉ። ጣጣው መርፌው ላይ ነው። ኢታኖሉ ቶሎ ስለሚተን ጫፉ ላይ ያለችው ጠብታ ቢጫ ቆዳ ታወጣለች፣ ትጠጥራለች፣ ክሩ ይቆማል፣ ከዚያ ቮልቴጁን አጥፍቶ መጥረግና እንደገና ማስነሳት ነው። እውነቱን ለመናገር ያሰለቻል። የሚወጣው ስስ ጨርቅም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ኤክስትራክቱ ውሃ ወዳድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንቶሲያኒን (የቀይና ወይን ጠጅ ፍራፍሬዎች ቀለም)፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣውና ለብ ባለ ውሃ የሚሟሟው ጄላቲን ይመቸዋል። ጄላቲን ግን ሲቀዘቅዝ ሲሪንጁ ውስጥ ይረጋል፤ ወይ ሲሪንጁን ታሞቃላችሁ፣ ወይ በአሴቲክ አሲድ ታሟሙታላችሁ። ታኒን (እንደ ሻይ አፍ የሚያደርቀው ነገር) የበዛበት ኤክስትራክት ደግሞ ጄላቲኑን ይይዘውና ብጥብጡ ይደፈርሳል፣ ያኔ ተዉት።

አሁን ከሁለቱም ጨርቅ ቁራጭ ቆርጣችሁ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጣሉ። ጄላቲኑ ኩምትር ይላል፣ ከዚያ ደብዛው ይጠፋል። ዜይኑ አይሟሟም፤ ክሮቹ ግን ያብጡና ተጣብቀው ስስ ፕላስቲክ ይመስላሉ፣ ስለዚህ «ውሃ አይነካውም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ጄላቲኑ ውሃ ውስጥ እንዳይጠፋ ለማጠንከር ግሉታራልዴይድ የተባለ ፕሮቲን አያያዥ ኬሚካል የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። መርዛማ ነው፣ ለሚበላ ነገር አትንኩት። ከዕፅዋት የሚገኘው አያያዥ ጄኒፒን በጣም ይሻላል፣ ግን ውድ ነው፣ ጨርቁንም ሰማያዊ ያደርገዋል።

የአጓት ፕሮቲን ዋጋው ቢያጓጓችሁም ሞለኪውሉ ድብልብል ስለሆነ ብቻውን ክር አይወጣውም። ፑሉላን ወይም ሌላ ረጅም ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የረዘመ ሞለኪውል) ካልጨመራችሁበት ጠብታ ብቻ ይረጫል።

ኤክስትራክታችሁን ውሃውም ኢታኖሉም ካሟሟው የምትወስኑት በአገልግሎቱ ነው፦ እርጥበት ያለው ምግብ አጠገብ ለሚቆይ ማሸጊያ ዜይን፣ አፍ ውስጥ ቶሎ እንዲሟሟ ለምትፈልጉት ጄላቲን። ጄላቲን ስትገዙ ከከብት፣ ከአሳማ ወይስ ከዓሣ እንደሆነ ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ የምርታችሁ ተጠቃሚ መጠየቁ አይቀርም። ዜይን ስትገዙ ደግሞ ቢጫነቱ የወጣለት እንዳለ ጠይቁ፣ በተለይ የኤክስትራክታችሁ ቀለም መታየት ካለበት።